ሐይቅና አርዲቦ መሃል ሣጥን ፍለጋ የወጣንበት ቀን (እና አንድ ጥያቄ)

ጦሳ ሥር (ደሴ) — ሰኞ ማታ

ሰላም የቤቱ ሰዎች። ትናንት ከአብሮ አደጌ ጋር ጂኦካሺንግ ወጥተን ነበር። የሆነው ነገር ከልቤ አልወጣ ስላለኝ ልጻፈው ብያለሁ። መጨረሻ ላይ የምጠይቃችሁም አለኝ። ረዘም ይላል።

ለአዲሶች ባጭሩ። አንድ ሰው ውሃ የማያስገባ ዕቃ ውስጥ ደብተር ከትቶ የሆነ ቦታ ያስቀምጣል። የቦታውን የጂፒኤስ ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ያወጣል። ሌላው ቁጥሩን ይዞ ሄዶ ይፈልጋል። ሲያገኘው ስሙንና ቀኑን ደብተሩ ላይ ጽፎ ዕቃውን ወደ ቦታው ይመልሳል። ከውስጡ ትንሽ ነገር ከወሰደ ዋጋው የማያንስ ነገር ይተካል። ሽልማት የለውም። ግን አንዴ ያገኘ ሰው በቀላሉ አይተወውም።

የኛ ሣጥን ያለው ሐይቅና አርዲቦ በሚባሉት ሁለት ሐይቆች መሃል ካሉት ኮረብታዎች አንዱ ላይ ነው። ያስቀመጠው ወዳጃችን እኛው አገር ይሠራ ነበር፤ አሁን ውጭ ነው። እሱ ከሄደ ወዲህ ያየው ሰው የለም። "እስቲ ይኑር አይኑር እዩልኝ" ብሎ ቁጥሩን ላከልን።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ከደሴ ሚኒባስ ያዝን። ሐይቅ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ስንወርድ ውሃው ላይ ያለው ጉም ገና አልተነሳም። ፉል በላን፣ ሻይ ጠጣን። ጓደኛዬ ቁጥሩን ስልኩ ላይ አስገባ። ቀስቱ ወደ ምዕራብ ዞረና 35 ኪሎ ሜትር አለን። ኩታበርን አልፎ ማለት ነው! ኔትወርኩ ነው፣ ስልኩ ነው ስንባባል ግማሽ ሰዓት ሄደ። ኋላ ገባን። ቁጥሩ የተጻፈው በዲግሪና በደቂቃ ነው። እኛ ደቂቃውን ከነጥብ በኋላ እንዳለ የዲግሪ ክፋይ አድርገን አስገብተነዋል። ስናስተካክለው 5 ኪሎ ሜትር ሆነ።

ባጃጅ እስከሚያስኬደው ሄደን ከዚያ በእግር ወጣን። ማሽላው ደርሷል። በየማሳው ማማ ቆሟል። ማማው ላይ ልጅ አለ፣ ልጁ እጅ ላይ ወንጭፍ አለ። ከተማ ላደጋችሁ ልንገራችሁ። ልጁ ድንጋዩን የገመዱ ሆድ ላይ ያስቀምጣል። ከራሱ በላይ ሁለቴ ያዞረዋል። አንዱን ጫፍ ሲለቀው ገመዱ እንደ ጅራፍ ይጮሃል። ወፉ የሚሸሸው ድንጋዩን ይሁን ድምፁን እንጃ። ብቻ መንጋው ባንዴ ግር ብሎ ይነሳና ቀጣዩ ማሳ ላይ ሊያርፍ ይሄዳል። እዚያ ደግሞ ሌላ ልጅ ይጠብቀዋል። እኛም እንደ ወፉ ከማማ ማማ እየተቀባበሉን ነበር የወጣነው። "ወዴት ናችሁ?" ይላል አንዱ። መልሰን ሳንጨርስ ለቀጣዩ ጮሆ ይነግረዋል።

ስልኩ 8 ሜትር ሲል ኪሳችን ከተትነው። ከዚህ በኋላ ዓይን ነው የሚሠራው። መመሪያው "ከዋርካው በላይ፣ ሦስተኛው እርከን፣ ካቡ ውስጥ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ሥር" ይላል። ዋርካው አለ። እርከኑ አለ። ሣጥኑ የለም። አርባ ደቂቃ ፈለግን። ድንጋይ እያነሳን፣ መልሰን እያስቀመጥን። ኋላ ጓደኛዬ ቆመና "ይሄን ካብ እየው እስቲ" አለኝ። ግራና ቀኝ ያሉት ድንጋዮች ፊታቸው ላይ የድንጋይ ሽበት አላቸው። መሃል ላይ ሁለት እርምጃ የሚያህለው ግን ንጹሕ ነው። ሽበት ያለው ጎን ወደ ውስጥ ዞሯል። ካቡ ክረምት ፈርሶ እንደ አዲስ ተክቧል ማለት ነው። በቃ፣ ጎርፍ ወስዶታል ብለን ተቀመጥን።

ያኔ ከላይ ካለው ማማ አንድ ልጅ ወረደ። ዐሥራ አንድ ዓመት ቢሆነው ነው።

"ጋሼ፣ ሣጥኗን ነው?"

"አይተሃታል?"

"ሼኹ ቤት ናት።"

ሼኹ አያቱ ናቸው። እርከኑም፣ ማሽላውም የሳቸው ነው። ቤታቸው ስንደርስ ገና ሳንናገር መደብ ላይ አስቀመጡን። ቡና ተፈላ። ስለ ሣጥኑ አንድም ቃል ሳይነሳ አቦል ተጠጣ። ኋላ ነው እንዲህ ያሉት፦

"እንግዲህ ልጆቼ፣ የጠፋባችሁ ዕቃ አለ አሉ። ምልክቱን ተናገሩዋ።"

ጓደኛዬ ከስልኩ ላይ እያየ ተናገረ። ክዳኑ አረንጓዴ ነው። በአራት በኩል ይቆለፋል። ውስጡ ሰማያዊ ደብተር አለ፣ እርሳስ አለ። ሼኹ ዝም። "አንድ የቁልፍ መያዣም አለ፣ የዓሣ ቅርጽ ያለው።" ይሄኔ ለባለቤታቸው ምልክት ሰጧቸው። እማማ ገብተው በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ወጡ። እሱው ነው። አንድ ነገር አልጎደለም።

ክረምት ካቡ ሲፈርስ አግኝተውታል። ጁምዓ መስጊድ ላይ አስነገሩ። ገበያ ላይ አስነገሩ። ከማዶ ላሉት ቄስም ላኩባቸው። የኔ ነው የሚል ጠፋ። "አልከፈቱትም ነበር?" አልኳቸው። "ከፈትኩት እንጂ! ካልከፈትኩት የማን እንደሆነ በምን አውቄ?" አሉኝ። ደብተሩ ላይ ያሉትን ስሞች የልጅ ልጃቸው አንብቦላቸዋል።

ነገሩ ምን እንደሆነ አስረዳናቸው። በጥሞና ሰሙን። ከዚያ የጠየቁት ጥያቄ ነው ከትናንት ጀምሮ የያዘኝ።

"እሺ። ሰው ከደሴ፣ ከአዲስ አበባ ድረስ ይመጣል። መሬቴ ላይ ስሙን ይጽፋል። ታዲያ ቤት ሳይገባ ነው የሚመለሰው?"

መልስ አልነበረኝም። ሣጥኑን ለጊዜው እሳቸው ዘንድ ትተነው መጣን። አሁን ምን እናድርግ? ካቡ ውስጥ እንመልሰው ወይስ እዚያው ቤት ይቀመጥ? እኔ በበኩሌ እኛ አገር ሣጥን መደበቅ ያለበት ከዝናብ እንጂ ከባለአገሩ አይደለም የሚል ሐሳብ እየያዘኝ ነው። የናንተን ልስማ።

---

የባቲ ሰኞ — ሰኞ ማታ

ወላሂ ሳነብ ፉሉ ሸተተኝ። ሼኹን አላህ ያቆይልን።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፣ ሣጥኑን የምንጠራበት "ካሽ" የሚለው ቃል ራሱ ጣጣ አለው። እኔና የአክስቴ ልጅ ባቲ ሰኞ ገበያ ቀን፣ ከከተማው ወጣ ብለን ስንፈልግ አንድ ግመል ነጂ "ምን ጠፋባችሁ?" አለን። የአክስቴ ልጅ ሳታስብ "ካሽ" ብላ መለሰች። በእኛ ሰው ጆሮ ካሽ ብር ነው! ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሃያ ሰው አብሮን ድንጋይ ይገለብጥ ጀመር። ሰዎቹ ምንም ክፋት የላቸውም፣ ሊያግዙን ነው። ግን ብር አለመሆኑን ለማስረዳት የፈጀብን ጊዜ ለሦስት ሣጥን ይበቃ ነበር። ከዚያ ወዲህ "የስም ደብተር ያለበት ሣጥን" ነው የምንለው። ሁሉም ባንዴ ይገባዋል።

---

ሰሜን ቀስት (አዲስ አበባ) — ማክሰኞ ጠዋት

ታሪኩ ልብ ይነካል። ቢሆንም ልቃወም ነው፤ ጨዋታውን ስለምወደው ነው።

ሰው ቤት የተቀመጠ ሣጥን ጂኦካሽ አይደለም። የጨዋታው ነፍስ ፈላጊው ራሱ፣ በራሱ ዓይን ማግኘቱ ነው። "ሼኹ ቤት ሂዱና ተቀበሉ" ከሆነ የቀረው የፖስታ ቤት ሥራ ነው። ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የሼኹ ነገር ነው። ቁጥሩ ኢንተርኔት ላይ ነው ያለው። ማንም ያየዋል። የአንድ ሽማግሌ ደጃፍ ለማያውቁት ዓለም ሁሉ ተለጠፈ ማለት ነው። ዛሬ እናንተ ሄዳችሁ ቡና ጠጣችሁ። ነገ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ባትሪ ይዞ የሚመጣ አለ። ከነገ ወዲያ ዐሥራ አምስት ሰው በአንድ መኪና ይመጣል። እማማ ለሁሉም ቡና ሊያፈሉ ነው? እሳቸው እምቢ እንደማይሉ ሁላችንም እናውቃለን። ከባድ የሚያደርገውም ይሄ ነው።

ሌላው፣ የጨዋታው ደንብ የመሬቱ ባለቤት ፈቃድ ይጠይቃል። ሣጥኑን የሚከታተል ሰው እንዲኖርም ያዛል። የናንተ ወዳጅ አገር ከለቀቀ ሣጥኑን ቅርብ ላለ ሰው በይፋ ማስተላለፍ አለበት። ጦሳ ሥር፣ አንተው ብትረከበው መልካም ነው። መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ሼኹ የማን ነው እያሉ በየገበያው ባልደከሙ ነበር።

---

ካርታ አንሺ (ኮምቦልቻ) — ማክሰኞ ምሳ ሰዓት

የ35 ኪሎ ሜትሯን ስህተት በየጊዜው ስለማያት ትንሽ ልዘርዝራት፤ የሚጠቀምባት ይኖራል።

የሣጥኖቹ ቁጥር የሚጻፈው በዲግሪና ነጥብ ባለው ደቂቃ ነው። ለምሳሌ ሐይቅ አካባቢ ሰሜን 11 ዲግሪ ከ20.5 ደቂቃ ሊሆን ይችላል። አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ስለሆነ 20.5 ለ60 ሲካፈል 0.3417 ይመጣል። ስለዚህ በነጥብ ዲግሪ 11.3417 ነው እንጂ 11.205 አይደለም። በሰሜን-ደቡብ ብቻ 15 ኪሎ ሜትር ትስታላችሁ። በምሥራቅ-ምዕራብ ደግሞ 39 ዲግሪ ከ43 ደቂቃን 39.43 ብላችሁ ብታስገቡ ሌላ 31 ኪሎ ሜትር ይጨመራል። የናንተ ቀስት ወደ ኩታበር የዞረው ለዚህ ነው።

አንድ የኬክሮስ ደቂቃ 1,850 ሜትር ገደማ ነው። ከነጥብ በኋላ ያለችው ሦስተኛዋ አኃዝ 1.8 ሜትር ብቻ ናት። ስልክ ደግሞ ሜዳ ላይ እንኳ ከ3 እስከ 10 ሜትር ይስታል። ሳተላይቶቹ 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ስልኩ ቢያንስ አራቱን ማየት አለበት። ገደል ሥር ሲሆን ሰማዩ ይጠብበታል፤ ከድንጋይ ተንጸባርቆ የሚመጣው ምልክት ደግሞ ያሳስተዋል። አዝዋ ገደል ሥር ቀስቱ አንድ ቦታ ላይ ሲሽከረከር ያየ ያውቀዋል። 8 ሜትር ላይ ስልካችሁን ኪስ መክተታችሁ ትክክል ነው።

የመጨረሻ ነጥብ። የድሮ 1 ለ50,000 የመሬት ካርታ ያላችሁ ሰዎች፣ ካርታው የተሠራው አዲንዳን በሚባለው ልኬት ነው። ጂፒኤስ የሚጠቀመው ሌላ ነው። ቁጥሩን ሳትቀይሩ ከካርታ ወደ ስልክ ካዛወራችሁ ከመቶ ሜትር በላይ ትስታላችሁ። ወሎ ውስጥ መቶ ሜትር ማለት አንዳንዴ ገደሉ ላይ መሆንና ገደሉ ሥር መሆን ነው። እኔ ራሴ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ግማሽ ቀን ሙሉ የተሳሳተ ጉብታ ላይ ቆሜ አውቃለሁ።

ስለ ሼኹ ጥያቄ? እኔ ቡና ብዬ እገባ ነበር።

---

ሐይቅ ዳር (ሐይቅ) — ማክሰኞ ማታ

እኔ እዚሁ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ሦስት ነገር ልበል።

መጀመሪያ፣ ጨዋታውን የማያውቁ ሰዎችን "ማግል" የምትሉትን ቃል እኛ ጋ ተዉት። ማግል ሲያይህ አታውጣው፣ ማግል ሲያልፍ ስልክ የምታወራ ምሰል ይባላል። ከተማ መናፈሻ ውስጥ ይሠራ ይሆናል። እዚህ ግን አንድ እንግዳ ሰው ጎንበስ ብሎ ካብ ሲጎረጉር፣ ሰው ሲመጣ ደግሞ ዝም ሲል ምን የሚመስል ይመስላችኋል? ወይ ወርቅ ቆፋሪ ነው፣ ወይ መተት ቀባሪ ነው። የተደበቀ ዕቃ በገጠር ቀልድ አይደለም። ጦርነት ባለፈበት አገር ደግሞ ከዚህም ይከፋል። እናቶች ልጆቻቸውን "የማታውቁትን ነገር እንዳትነኩ" ብለው ነው የሚልኩት። ያልፈነዳ ነገር ሜዳ ላይ የሚገኝበት አካባቢ አለ። እናንተም ብትሆኑ የማታውቁትን ብረት ድንጋይ ሥር ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡና ለቀበሌው ንገሩ። ሣጥን ስታስቀምጡ ብረት አይሁን፣ ውስጡ የሚታይ ይሁን፣ ላዩ ላይ በአማርኛ ምን እንደሆነ ይጻፍበት።

ሁለተኛ፣ እስጢፋኖስ ገዳም ግቢ ውስጥ ሣጥን ላስቀምጥ የሚል ሰው ባለፈው ጽፎልኝ ነበር። እባካችሁ አይሆንም። አቡነ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያጸኑት ገዳም ነው፤ የጸሎት ቦታ ነው። በዚያ ላይ የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴት አትገባም። እኔና እህቴ አብረን ነው የምንፈልገው። እዚያ የተቀመጠ ሣጥን ለእኛ የሌለ ነው።

ዕቃ የግድ አይደለምኮ። ከ2004 እንደ ፈረንጆቹ ጀምሮ ኧርዝካሽ የሚባል ዓይነት አለ። ሣጥን የለውም። ቦታው ላይ ቆማችሁ ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ውሃው የተጠየቃችሁትን አይታችሁ ትመልሳላችሁ። የእኛ ሐይቅ ለዚህ የተፈጠረ ነው። ጥልቀቱ ሰማንያ ምናምን ሜትር ይደርሳል። ከአርዲቦ በኩል የአንከርካ ወንዝ ይገባበታል፤ በምድር ላይ የሚወጣለት ወንዝ ግን የለም። "ታዲያ ውሃው የት ይሄዳል?" ብላችሁ ብትጠይቁ ሰው ዳሩ ላይ ቆሞ ያስባል። ልጅ ሆነን አያቶቻችን ሌላ ነገር ነበር የሚነግሩን። አንዲት ነፍሰ ጡር በአንዲት ልዕልት ተበደለች፤ ፈጣሪ ተቆጥቶ አገሩን ሁሉ ውሃ አደረገው፤ እሷ የተቀመጠችባት መሬት ብቻ ቀረች፤ ገዳሙ ያለው እዚያ ላይ ነው ይሉናል። ሁለቱንም ጥያቄ አንድ ቦታ ቆሞ መጠየቅ ይቻላል።

ሦስተኛ፣ ሰሜን ቀስት የእማማን ነገር ያነሳህበት እውነት ነው። ወንዶቹ ስለ እንግዳ ተቀባይነት ሲያወሩ ቡናውን ማን እንደሚቆላ አይነሳም። ግን መልሱን እኛ ለምን እንሰጣለን? ሄዳችሁ እሳቸውን ጠይቋቸው።

---

ያብሮ አደግ — ረቡዕ

ጓደኛው እኔ ነኝ። ቁጥሩንም ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ካርታ አንሺ፣ አመሰግናለሁ፣ አሁን በደንብ ገባኝ።

ጦሳ ሥር ያልጻፈውን ልጨምር። ከሼኹ ጋር ሲያወራ እኔ ከልጁ ጋር ደጅ ነበርኩ። "መጀመሪያ ይሄን ነገር ያመጣው ማነው?" አለኝ። የማውቀውን ነገርኩት። ድሮ የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል የሚለቀቀውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ነበር፤ መቶ ሜትር ያህል ይስታል። ሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ.ም. ማዛባቱ ቆመ። በማግስቱ ዴቭ ኡልመር የሚባል ሰው ኦሪገን ውስጥ ጫካ ሄዶ አንድ ባልዲ አስቀመጠ፤ ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ ጻፈ። በቀናት ውስጥ ሰው አገኘው።

"ባልዲው ውስጥ ምን ነበር?" አለኝ። መጻሕፍት፣ የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ጥቂት ገንዘብ፣ የታሸገ ባቄላ አልኩት። (ምግብ አሁን ክልክል ነው፤ አውሬ ይጠራል።) "ደግሞ ወንጭፍ ነበረበት" ስለው ልጁ ከት ብሎ ሳቀ። አላመነኝም። "አሜሪካም ወፍ ይጠብቃሉ?" አለኝ። የነሱ የላስቲክ ነው፣ ባለ መንታ እንጨት አልኩት። የራሱን ከወገቡ ፈትቶ አሳየኝ። እሱ ራሱ ነው የገመደው። ድንጋዩ የሚቀመጥባት ሆዷ በደንብ ተሠርታለች። ገመዱ ጫፍ ላይ ጣት የሚገባባት ቀለበት አለች፤ በብዙ አጠቃቀም ጠቁራ ለስልሳለች።

---

ውጫሌ ማዶ — ረቡዕ ማታ

ያብሮ አደግ፣ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ስላስቀመጥክልኝ ደስ አለኝ። ባልዲው የተቀመጠው ሚያዝያ 25 ነው ማለት ነው? ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እኛ አገር፣ ውጫሌ አጠገብ ይስማ ንጉሥ ላይ የውጫሌ ውል ተፈረመ። ልክ 111 ዓመት! ውሉ ላይ የአማርኛውና የጣልያንኛው 17ኛ አንቀጽ ሳይገናኝ ቀርቶ አድዋ ድረስ አደረሰን። ከሐይቅ ወደ ወልዲያ ስትሄዱ መንገዳችሁ ላይ ነን። በሚቀጥለው ሚያዝያ 25 እዚያ አካባቢ አንድ ፍለጋ ብናዘጋጅስ? ቁጥሩን የሚያሳየው እንቆቅልሽ ከሁለቱ አንቀጾች ልዩነት ይውጣ። እኔ ፈቃዱን እጠይቃለሁ፣ ሰዎቹን አውቃቸዋለሁ።

---

ጦሳ ሥር (ደሴ) — ሰኞ፣ ከሳምንት በኋላ

ሐይቅ ዳር እንዳለችው ሄደን ጠየቅናቸው። የሰሜን ቀስትን ስጋት ሳልቀንስ፣ ሳልጨምር ነገርኳቸው። ሌሊት የሚመጣ ሊኖር ይችላል። ብዙ ሆነው የሚመጡ ሊኖሩ ይችላሉ። ካልወደዱት ሣጥኑን ይዘን እንሄዳለን አልኩ።

ሼኹ ወደ እማማ ዞሩ። እማማ ብዙ አላሰቡም። "ቤት አይሆንም" አሉ። "እኔ ውሃ ስወርድ፣ እሱ መስጊድ ሲሄድ ሰው መጥቶ ደጅ ቆሞ ሊመለስ ነው። እንግዳ ደጃፌ ላይ ቆሞ ከተመለሰ እኔ ነኝ የማዝነው። ካቡ ውስጥ ይሁን። የፈለገ፣ ጊዜ ያለው ደግሞ ይምጣ።"

ሼኹ ተነሱ። ቦታውን ራሳቸው መረጡ። የድሮው ቦታ ጎርፍ የሚገፋው እንደሆነ አሳዩን፤ እርከኑ እዚያ ጋ ሆዱ ወጥቷል። ስምንት እርምጃ ያህል ወደ ዋርካው ጠጋ አሉ። ካቡ ዘንበል ያላለበት፣ ውሃ የማይቋጥርበት ቦታ ነው። አንድ ድንጋይ አወጡ፣ ከኋላው ያለውን ጠጠር በእጃቸው ጠረጉ፣ ሣጥኑን ከተቱ። ድንጋዩን መልሰው ሲገጥሙት እኔ አጠገባቸው ቆሜ የትኛው እንደሆነ ጠፋብኝ። ስድሳ ዓመት ካብ የካበ እጅ ነው። ሰሜን ቀስት፣ ፍለጋው ቀለለ ብለህ አታስብ።

ባለቤትነቱን ከወዳጃችን እኔ ተረክቤያለሁ። ክዳኑ ላይ በአማርኛ "የመንገደኞች ስም ደብተር፤ የመሬቱ ባለቤት ያውቃሉ" ብለን ጻፍንበት። መመሪያው ላይ ሦስት መስመር ጨመርን። ከመሸ አትሂዱ። ከአራት ሰው በላይ አትሁኑ። ድንጋይ ከመንካታችሁ በፊት ማማው ላይ ላለው ሰው ሰላም በሉ። የሼኹን ቤት ግን ኢንተርኔት ላይ አላወጣንም። ሰላም ያለ ሰው ይነገረዋል።

ልጁ ወንጭፉን ሣጥኑ ውስጥ ጨመረ። አዲስ ገምዷል፤ ይቺ የድሮዋ ናት፣ ቀለበቷ የጠቆረችው። በምትኩ የዓሣውን ቁልፍ መያዣ ወሰደ።

---

የባቲ ሰኞ — ሰኞ ማታ

ማሽላው ሲታጨድ ማማው ባዶ ይሆናልኮ። ያኔ ለማን ነው ሰላም የምንለው?

---

ጦሳ ሥር — ሰኞ ማታ

እሱንም ጠይቄያቸዋለሁ። "ከታጨደ በኋላ ከብት አለ፣ ከብት ካለ እረኛ አለ" አሉኝ።

---

ሰሜን ቀስት (አዲስ አበባ) — እሑድ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ

ሄጄ መጣሁ። ከወንድሜ ጋር ነው የሄድኩት፤ ቅዳሜ ደሴ አድረን እሑድ በጠዋት ወጣን። ማሽላው ግማሹ ታጭዷል። ማማው ላይ ግን ልጁ ነበር። ሰላም አልነው። ምንም አልነገረንም፣ ወርዶ እርከኑ ላይ ቁጭ ብሎ ያየን ጀመር። አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀብን። ወንድሜ ተስፋ ቆርጦ ዋርካው ሥር ተኛ። ያገኘሁት በዓይኔ አይደለም። በመዳፌ ካቡን እየዳሰስኩ ስሄድ አንዱ ድንጋይ ከሌሎቹ ይልቅ ቀዝቀዝ ብሎ ተሰማኝ። ሳነቃንቀው ወጣ። ልጁ አጨበጨበ።

ቡናውን ሦስቱንም ጠጥተናል። እማማ ከበረካ በፊት መነሳት አይፈቅዱም። ስኳርና ሳሙና ይዘን ሄደን ነበር፤ መጀመሪያ ተቆጡን፣ ኋላ ተቀበሉን። ሼኹ ስንወጣ ዱዓ አድርገውልናል። ጦሳ ሥር፣ ስለ ፖስታ ቤት የጻፍኩትን አንስቻለሁ።

ደብተሩ ላይ ዐሥረኛ ነኝ። ዘጠነኛው ልጁ ነው፤ በትልልቅ ፊደል ስሙን ጽፎ ከሥሩ "ወፍ ጠባቂ" ብሎበታል። እርሳሱ አጭር ሆኗል፣ ቀጥሎ የሚሄድ ሰው አንድ ይያዝ። እስክሪብቶ አይሁን፤ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ወረቀቱ ሲረጥብም ቀለሙ ይፈሳል። እዚያ ዛሬ ጠዋትም ጤዛ ነበር።